በባዶ ሆድ

«መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው?»

ሲስተር አያልነሽ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደቀሰረች ቆመች። ህብረት አፏን ከፈተች። ምላሷ ሥር የዳቦው ጥቁር አዝሙድ ጣዕም ገና አልጠፋም። ምን እንደምትል ሳታውቅ መልሱ ከአልጋው ግርጌ መጣ።

«ምንም አልበላም! ከማታ ጀምሮ ባዶ ሆድ ነው» አለች አክስቷ አሳየሽ። አሳየሽ በወላይትኛ ስትናገር ገበያ የምታስቆም ሴት ናት፤ አማርኛ ላይ ግን ሴቱንም ወንዱንም አንድ ታደርገዋለች።

«ውሃስ?»

«ውሃም አልጠጣም!»

«ጎበዝ» አለችና ሲስተር አያልነሽ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። «ህብረት፣ ሁለተኛ ነሽ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጥተን እንወስድሻለን። ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ፈርቶ ነው» አለች አሳየሽ።

ሲስተር ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ከሩብ ይላል። ህብረት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ዳቦው እዚያ ውስጥ ነው። ማንም ባያየውም እሷ ታውቀዋለች።

ነገሩ የሆነው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። ቀኑ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል ነው። አሳየሽ የስለት ዳቦ ጋግራ፣ ገና ሳይነጋ በሶዶ ጭቃ ተሸክማው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ኪዳን አድርሳ፣ ዳቦውን በቄሱ አስባርካ፣ አብዛኛውን በር ላይ ለተቀመጡት ነዳያን አካፍላ ሆስፒታል ስትደርስ ነጠላዋ በዝናብ ረጥቦ ነበር። ሦስት ቁራሽ አስቀርታለች። አንዱ ለህብረት፣ አንዱ በዴሳ ከተማ አራስ ለተኛችው ለህብረት እናት፣ አንዱ ደግሞ በሚቀጥለው አልጋ ላለችው ለሩታ። በላስቲክ ጠርሙስም ጸበል ይዛለች።

«እንቺ፣ ብዪ» አለቻት በወላይትኛ።

«አክስቴ፣ ምንም እንዳትቀምሺ ብለውኛል እኮ።»

«ይሄ ምግብ ነው እንዴ? በረከት ነው! ደግሞ ዛሬ ምን ጾም አለ? ጾም ለእግዜር ነው እንጂ ለሐኪም ይጾማል?»

«ሐኪሞቹ እኮ...»

«አባ የባረኩትን ዳቦ ልትመልሺው ነው? ስለቱ ለማን እግር ነው? የአንቺ አይደል? በረከት አይመለስም፣ የኔ እናት። እንኪ፣ ጸበሉንም ጠጪበት።»

እነ ህብረት ቤት ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚሰጠው ጸበል ነው፤ ክኒኑም የሚዋጠው በጸበል ነው። የተባረከ ነገር ሰውን ይጎዳል ቢባል አሳየሽ ትስቃለች እንጂ አታምንም። ህብረት ግን አክስቷ ላይ ብቻ ልታላክከው አትችልም። ቆንጥራ ቀምሳ መተው ትችል ነበር። አልተወችም። ሌሊቱን በፍርሃት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነው ያደረችው፤ ዳቦው ደግሞ ገና ለብ ያለ ነበር። መዳፍ የሚያህለውን ቁራሽ ፍርፋሪ ሳታስቀር ጨረሰችው።

አሳየሽ ሁለተኛውን ቁራሽ ለሩታ ዘረጋችላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። በኋላ እበላዋለሁ» አለች ሩታ።

«ምን በኋላ አለ? አንቺ ተጠባባቂ ነሽ፤ ዛሬ ማን ይጠራሻል?»

«ከጠሩኝስ?»

አሳየሽ ከንፈሯን መጠጠችና የሩታን ድርሻ መልሳ በጨርቅ ጠቀለለችው።

ሐኪሞቹ የመጡት ከአዲስ አበባ ነው። የእግርና የቁርጭምጭሚት ኦፕራሲዮን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ለአምስት ቀን መጥተው፣ በቀን ሁለት ሰው ሠርተው ይመለሳሉ። ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ዳግመኛ የሚመጡት ጥር ላይ ነው ተብሏል፤ እሱም ከተሳካ። ሩታ ደሟም ተመርምሯል፣ ራጅም ተነስታለች፤ ግን የሚገባው ሰው በሆነ ምክንያት ከቀረ ብቻ ነው የምትገባው። አምስት ቀን ሙሉ ማንም አልቀረም። አምስቱንም ሌሊት ግን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እህልም ውሃም ባፏ ሳይዞር አድራ ነው የነጋላት። ጠዋት ጠዋት ሁለተኛው ሰው ሲገባ ትስቅና «በሉ ቁርሴን አምጡ» ትላለች። የሳቋን ነገር ህብረት ሁልጊዜ አታምነውም ነበር።

ህብረት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። የምትረግጠው በውስጥ እግሯ ሳይሆን በውጪው ጠርዝ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ደንድኖ ተረከዝ መስሏል። በሕፃንነቷ ሁለት ጊዜ ጀሶ ታስሮላት ነበር። ስድስት ጊዜ መታሰር ነበረበት። ክረምት ሆነና መንገዱ ጨቀየ፣ ጀሶው ረጥቦ ፈረሰ፣ ጎረቤቱም «እግዜር የሠራውን ሰው አያቃናውም» አለ፤ እናቷም ተወችው። ይህን ስታወራ እናቷ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።

ከመጡት ሐኪሞች አንዱ፣ ዶክተር ጥጋቡ፣ ግን ይቃናል አለ። ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳና በጣቱ አሳያት። «እዚህ ጋ ጅማቱን እናረዝመዋለን። ከዚህ አጥንት ላይ እንደ ሽብልቅ ቆርጠን እናወጣለን። ያኔ እግርሽ ወደ ቦታው ይዞራል። በብረት ይዘን ሦስት ወር ጀሶ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። ከዚያ በውስጥ እግርሽ ትረግጫለሽ።» ህብረት ከዚያ ሁሉ ቃል የያዘችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። እናቷ ይህን በስልክ ስትሰማ የአራስነቷን ነገር ረስታ እልል አለች፤ በማግስቱም ጥቁር የተማሪ ጫማ አስገዝታ ላከች። ሁለቱም እግር እኩል ቁጥር፣ ሠላሳ ሰባት። ካርቶኑ አሁን አልጋው ሥር ነው። ህብረት በቀን ሦስት ጊዜ ትከፍተዋለች።

«ሩታ» አለች ህብረት ቀስ ብላ። አሳየሽ ከአንዲት አስታማሚ ጋር ወሬ ይዛለች።

«እ?»

«አይተሽኛል አይደል?»

«ምን ስታደርጊ?»

«አታሹፊብኝ። ዳቦውን።»

«ዓይን አለኝ እኮ። የተጣመመው እግሬ ነው።»

ሩታ እንዲህ ናት። በአሥራ አንድ ዓመቷ ሃላሌ ከሚባል ቦታ አጠገብ ከገደል ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ ወጌሻ አሰረላትና ጠምሞ ዳነ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በራሷ እግር ማንም ሳይቀልድ በፊት እሷ ትቀልዳለች። በእነዚህ አምስት ቀናት ውስጥ ህብረት የክፍሏ ልጆች ላይ ያላየችውን ጓደኝነት አይታባታለች። ለዚህ ነው አሁን የፈራቻት።

«ልትናገሪ ነው?»

ሩታ ጣሪያውን አየች።

«ምን ብዬ? ‹ሲስተር፣ ህብረት ዳቦ በልታለች፣ እኔን አስገቡኝ› ልበል? ሼም ነው። ቦታዋን ፈልጋ ነው ይባላል።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደግሞ እፈልገዋለሁ፤ ውሸት አይደለም» አለች።

«ትንሽዬ እኮ ናት። አንድ ቁራሽ። ምንም ላይፈጠር ይችላል፤ አታካብጂ።»

«እኔ መች አካበድኩ? የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።» ሩታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ማታ መክብብ ጠርሙሱን ሲያጋድመው ግን ስቀን ነበር። አሁን አያስቅም።»

መክብብ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ማታ መጥቶ ክዳን የሌለው ጠርሙስ በግማሽ ውሃ ይዞ አሳያቸው። «ሰው ነቅቶ እያለ ጉሮሮው ክዳን አለው» አለ። «እኔ ሳስተኛችሁ ክዳኑም አብሯችሁ ይተኛል። ያኔ...» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፤ ውሃው ፈሶ ወለሉን አራሰው። «ሆዳችሁ ውስጥ ያለው እንዲህ ወጥቶ ሳንባችሁ ውስጥ ይገባል። ሳንባ ደግሞ እህል አይፈጭም። ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሚሪንዳም ሆነ የእናታችሁ ቆጮ፣ ለእኔ አንድ ነው።» ህብረትና ሩታ ሚሪንዳ ሲል ሳቁ። ጽዳቷ ወለሉን እየወለወለች ተቆጣችው።

ስለ በረከት ግን ምንም አላለም። ማን አስቦት!

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ህብረት የሆዷን ድምፅ ታዳምጥ ጀመር። ሲጮህ «እየተፈጨ ነው» ትልና ደስ ይላታል፤ ዝም ሲል «እንዳለ ተቀምጧል» ትልና ላብ ያጠምቃታል። በጣቷ ሰዓት ቆጠረች። አንድ ሰዓት ላይ በላች። አራት ተኩል ሊወስዷት ነው። በመካከሉ ያለው ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሲስተር ደግሞ ትናንት «ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ምንም አይቀመስም» ብላለች። ቁጥሩን ብትገለብጠው ብትገለባብጠው ስድስት አይሞላም።

ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። እውነት ነው፤ አሁን ዝም ብትል ማን ያውቃል? አክስቷ አልበላችም ብላለች፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሩታ አትናገርም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጀሶው ተፈቶ ክፍል ስትገባ እነ ናኦል እንደ ልማዳቸው እርምጃዋን አስመስለው ሊንቀዋለሉ ይነሳሉ፤ ግን የሚያስመስሉት ነገር ያጣሉ። ጥቁሩ ጫማ ሁለቱም እኩል ወለሉን ሲመታ ሰማችው።

ከዚያ ደግሞ ጠርሙሱ። የፈሰሰው ውሃ። የእናቷ ስልክ በዴሳ ሲጠራ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ የአክስቷ ድምፅ ምን እንደሚል።

«አክስቴ» አለች።

«ወዬ።»

«ዳቦውን ለሲስተር ብንነግራትስ?»

አሳየሽ ወደ ኋላና ወደ ፊት አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ በወላይትኛ አንሾካሾከች። «አብደሻል? ጸበል ጎዳኝ ልትዪ ነው? አፍሽን! ለዚህች ቀን እናትሽ ስንት ዓመት አለቀሰች?» የተስተካከለውን የህብረትን ፀጉር ደግማ ደጋግማ አስተካከለች። «የኔ ልጅ፣ ገብርኤል ራሱ አብሮሽ ይገባል። ዝም በይ።»

አሳየሽም ፈርታ ነበር። ህብረት ይህን ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ማየቷም አላረጋጋትም፣ ጭራሽ ባሰባት።

አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ተሽከርካሪው አልጋ መጣ። አረንጓዴ ጋውን አለበሷት፤ ከኋላ ክፍት ስለሆነ አፈረች። ከበረንዳው የሩታ አባት ኤርካሎ ብድግ ብሎ አልጋውን ለመግፋት አገዘ። አምስት ቀን እዚያ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ የሌላ ሰው ልጅ ቀረ ብሎ ደስ እንዳይለው ራሱን ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው። «ጦሲ ማዶ፤ እግዜር ይርዳሽ፣ ልጄ» አላት፤ ከልቡ ነው ያላት።

ህብረት ዞር ብላ ሩታን አየቻት። ሩታ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። እጇን አወዛወዘችና ሳቀች። ያን የጠዋት ጠዋት ሳቅ።

«በሉ ቁርሴን አምጡ» አለች ሩታ።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። የጣሪያው መብራት አንዱ ይበራል፣ አንዱ ይጠፋል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል። አሳየሽ እየሮጠች እየጸለየች ነበር፤ የጸሎቷ ግማሽ ለገብርኤል፣ ግማሹ «ቀስ በሉ እንጂ!» እያለች ለሚገፉት። የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ጋ ሲደርሱ አስታማሚ የማያልፈው ቀይ መስመር አስቆማት። ከመስመሩ ማዶ መክብብ አፉን ሸፍኖ ቆሟል፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«ሰላም ህብረት። ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ።»

ነገረችው።

«የቱ እግር ነው?»

«ግራው።»

«መጨረሻ የበላሽው ወይ የጠጣሽው መቼ ነው?»

«ምንም አልበላም!» አለች አሳየሽ ከኋላ።

መክብብ ቀና ሳይል «እናቴ፣ እሷን ነው የጠየቅኩት» አለ በትሕትና።

ህብረት ከበሩ ስንጥቅ ነጭ ብርሃን አየች፤ ሽታው ቀዝቃዛ ነው። አሥር እርምጃ ይቀራታል። እግሯን ከአንሶላው ሥር ነካችው፤ የደነደነው ቆዳ እዚያው አለ። አሁን «ማታ» ብላ አንድ ቃል ብትመልስ በሩ ይከፈታል። ሁለት ፊደል ናት።

እግሯን ለቀቀችና መክብብን አየችው።

«ጠዋት» አለች። «አንድ ሰዓት ላይ። ዳቦ በልቻለሁ። ሙሉ ቁራሽ። ጸበልም ጠጥቻለሁ፤ አንድ ኩባያ።»

አሳየሽ «እንዴ!» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መክብብ አልተቆጣም። ሰዓቱን አየ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። እሷም ጠዋት የቆጠረችው እንዲሁ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ከዶክተር ጥጋቡ ጋር ሲነጋገር ሰማችው፤ ቃሉ ግን አይሰማም። ሲመለስ የፊት መሸፈኛውን አውርዶ ነበር። ጢሙ ያልተላጨ፣ የደከመው ወጣት ነው።

«ህብረት፣ አሁን ላስተኛሽ አልችልም» አለ። «እስከ ሰባት ሰዓት ብንጠብቅ ስድስት ሰዓቱ ይሞላል፤ ግን ሰባት ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል። ስምሽ ወደ ጥር ይዞራል። ስለነገርሽኝ...» ሊጨርሰው ፈልጎ ተወው። «ደህና አድርገሻል።»

«በእኔ ነው!» አለች አሳየሽ። ቀዩን መስመር ረግጣ ገብታለች። «እኔ ነኝ ያበላሁት! እሱ ምን ያውቃል፣ ልጅ ነው!»

«አውቅ ነበር፣ አክስቴ» አለች ህብረት። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። «ጠርሙሱን አሳይቶናል። እያወቅሁ ነው የበላሁት።»

መክብብ ወደ ሲስተር አያልነሽ ዞረ። «ተጠባባቂ አለች አይደል? ዛሬ ግን ጠዋት የጠየቃት የለም። በልታ ይሆናል፤ ሰዓቱ ሄዷል...»

«አልበላችም!» አለች ህብረት። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው፤ ራሷም ደነገጠች። «ሩታ ናት። ከማታ ጀምሮ ውሃም አልቀመሰችም። ዳቦ ሲሰጧት እንቢ ስትል አይቻለሁ። ሂዱና ጠይቋት፤ እሷ አትዋሽም።»

ሲስተር አያልነሽ መሮጥ ስትጀምር ነጠላ ጫማዋ ቿ ቿ አለ።

ህብረት ከአልጋው ወረደች። ሊደግፏት ሲሉ «እችላለሁ» አለች። ግራ እግሯን በጠርዙ፣ እንደ ልማዷ፣ እየረገጠች በኮሪደሩ ተመለሰች። ጋውኑን ከኋላ በእጇ ይዛለች። መንገድ ላይ ኤርካሎን አገኘችው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ አንገቱን ዝቅ አደረገላት። ሩታ ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ናት፤ አትስቅም። ሲተላለፉ ሩታ እጇን ዘረጋችና የህብረትን ጣቶች ጨበጠች። እጇ በረዶ ነው። አልጋው አላቆመም፤ ለቀቀቻት።

ክፍሉ ውስጥ አሳየሽ ወንበሩ ላይ ተዘፍዝፋ ተቀመጠች። ህብረት ጎንበስ ብላ የጫማውን ካርቶን ከአልጋው ሥር ሳበች፤ ክዳኑን ሳትከፍት ወደ ዳር ገፋችው። ፊቷን በክንዷ ጠረገች፤ እንባዋ ግን አላቆመም።

«እናትሽን ምን እላታለሁ?» አለች አሳየሽ።

«እኔ እነግራታለሁ።»

ስልኩን ከመሳቢያው አወጣች። ከመደወሏ በፊት የሩታን ባዶ አልጋ አየች፤ ከዚያ ወደ አክስቷ ዘንቢል።

«አክስቴ፣ የሩታ ድርሻ የት አለ?»

አሳየሽ ከዘንቢሉ የተጠቀለለውን ጨርቅ አውጥታ ሰጠቻት። ህብረት ፈታ አየችው፤ ዳቦው ከዳር ከዳር መድረቅ ጀምሯል። መልሳ አጥብቃ ጠቀለለችውና ሩታ ስትነቃ እንድታየው ትራሷ አጠገብ አስቀመጠችው።

ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወደ በዴሳ ደወለች።